ሮዟ ድመትና ሦስቱ ሽማግሌዎች

አንድ ቄስ፣ አንድ ሐጂና አንድ የሰማንያ ዓመት አዛውንት በአንድ ጊዜ በሌብነት ጠርጥሬ አውቃለሁ። ጠፋ ያልኩት ዕቃ ምን ነበር ብትሉኝ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል የፕላስቲክ ድመት። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ እኔም አሁን እስቃለሁ። ያን ሰሞን ግን ቤታችን ውስጥ የሚስቅ ሰው አልነበረም። በዚያች ድመት ምክንያት የልጄ ትዳር ሊቀር ነበር።

አሰላ ውስጥ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ከደሴ ተመድቤ ስመጣ ሁለት ዓመት ሠርቼ እዛወራለሁ ብዬ ነበር። የት እዛወራለሁ! ሙሉነሽን አገባሁ፣ ቤዛን ወለድን፣ ፀጉሬም እዚሁ ጭላሎ ተራራ ሥር ሸበተ። አሁን አንድ ሰው "አገርህ የት ነው?" ቢለኝ ትንሽ አስቤ ነው የምመልሰው።

የድመቷ ነገር የመጣው ከተከራይ ጋር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጓሯችን ያለችውን ክፍል አንድ ጃፓናዊ ወጣት ተከራይቶ ነበር። ኬንጂ ይባላል። የስንዴ ዋግ በሽታ ሊያጠና የመጣ ነው። ቀኑን ሙሉ ማሳ ውስጥ ሲንበረከክ ይውልና ማታ ጭቃ ለብሶ ይመለሳል። ግን ጫማውን ሳያወልቅ በር አያልፍም። በዚህ የተነሳ ሙሉነሽ በጣም ትወደው ነበር። እኔ ደግሞ በዚሁ የተነሳ ትንሽ እጠላው ነበር፤ እሱ ከመጣ በኋላ እኔም ጫማ ማውለቅ ጀመርኩ።

አገሩ ሊመለስ ሲል አንዲት ትንሽ ሳጥን ሰጠኝ። ስከፍታት አምስት ትንንሽ እንስሳት። ውሻ፣ ጥንቸል፣ ድብ፣ እንቁራሪትና ድመት። አምስቱም ተኝተዋል። እግራቸውን አጥፈው፣ ተጠቅልለው፣ ለጥ ብለው ተኝተዋል። ድመቷ ሮዝ ናት፤ የምታብለጨልጭ፣ ድቡልቡል። ይሄ ምንድን ነው አልኩት። ነገሩን አስረዳኝ። እነሱ አገር መንገድ ዳር የተደረደሩ ማሽኖች አሉ አለኝ። ሳንቲም ትከታለህ፣ እጀታውን ታዞራለህ፣ እንቁላል የመሰለ ኳስ ዱብ ይልልሃል። ውስጡ ምን እንዳለ ግን አታውቅም። ድመት ስትፈልግ ጥንቸል ይሰጥሃል። እንደገና ስትሞክር አሁንም ጥንቸል። ክራባት ያሰሩ፣ ቦርሳ የያዙ ትልልቅ ሰዎች ከሥራ ሲወጡ እዚያ ማሽን ፊት ቆመው ያዞራሉ አለኝ። ይቺን ድመት ለማግኘት እሱ ራሱ አሥራ አንድ ጥንቸል ደርሶታል።

ክራባት ያሰሩ ትልልቅ ሰዎች የምትለዋ ነገር ናት ያጠፋችኝ። ለካ ይሄ ነገር ለእኔም ይፈቀዳል ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ በኋላማ ምን ልበላችሁ። አሰላ ገበያ ሰልባጅ ተራ እንዳለ ታውቃላችሁ። የልብሱ ቦንዳ ሲፈታ ከጃኬቱ ኪስ፣ ከቦርሳው ዚፕ ላይ ብዙ ነገር ይገኛል። የሚሸጡትን ሴቶች ተለማመድኳቸው። ጃፓን ጃፓን የሚል ነገር ካገኙ ያስቀምጡልኛል። አንድ ቀን ፎጣ አናቱ ላይ ጥሎ ገንዳ ውስጥ የተቀመጠ ሽማግሌ አገኙልኝ። ሌላ ቀን ያዘነ ዳቦ። ዳቦ ነው፣ ግን ዓይን አለው፣ ዓይኑ ደግሞ እንባ አቅርሯል። ከገበያ ወደ ቤት ስመለስ ያንን ዳቦ ኪሴ ውስጥ እየዳሰስኩ፣ ምን ደርሶበት ይሆን እያልኩ ነበር። እንዲህ እንዲህ እያለ ሠላሳ ስምንት ደረሱ።

የሚቀመጡት ሳሎን፣ ቡፌው ላይ ነው። ቡፌው ደግሞ የሙሉነሽ ግዛት ነው። መጀመሪያ አንድ ጥግ ለመንኳት። ከዚያ ብርጭቆዎቿ ትንሽ ጠጋ አሉ። ከዚያ የላይኛው መደርደሪያ ላይ የነበረው የሠርጋችን የሻይ ዕቃ ወደ ካርቶን ገባ። ባለቤቴ ነርስ ናት፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ሕመም ስታይ ውላ ትመጣለች፣ በትንሽ ነገር አትነታረክም። ግን ቡፌው ፊት ስትደርስ አንዳንዴ ቆም ብላ በረጅሙ ትተነፍሳለች። ያቺን ትንፋሽ ያገባ ሰው ያውቃታል።

አንድ ማክሰኞ ታዲያ ወሬው መጣ። ቤዛ ሁሩታ ከሚሠራ ጃለታ ከሚባል የግብርና ባለሙያ ጋር እንደምትተዋወቅ እናቷ ታውቃለች። እኔ የማውቀው ግን እንደማላውቅ ሆኜ ነው። ሙሉነሽ እራት ስታቀርብ፣ "እሑድ ከሁሩታ ሽማግሌ ይመጣል" አለችኝ። ደስ አለኝ። ቀጠለችና፣ "ያንን መዋዕለ ሕፃናትህን ደግሞ ከቡፌዬ ላይ ታነሳልኛለህ" አለች።

"ምን አደረጉሽ?" አልኳት።

"እኔንማ ምንም። የልጅቷ አባት በአሻንጉሊት ይጫወታል ሲባል እንዳልሰማ ነው።"

እሺ አልኩ። ረቡዕ አላነሳሁም፣ ሐሙስም አላነሳሁም። እሑድ ጠዋት አነሳለሁ አልኩ። አራት ሰዓት ይመጣሉ የተባሉት ሰዎች ሦስት ሰዓት ላይ በር አንኳኩ። እኔ ሠላሳ ሦስቱን ካርቶን ውስጥ ከትቼ አልጋ ሥር አስገብቻለሁ። የቀሩት አምስቱ የተኙት ናቸው፤ እነሱን ከሌላው ጋር መቀላቀል አልፈለግሁም ነበር። በሩ ሲንኳኳ እነሱን ይዤ መሃል ሳሎን ቆሜያለሁ። ሙሉነሽ ከወጥ ቤት፣ ቤዛ ከመኝታ ቤት፣ ሁለቱም በአንድ ድምፅ "በሩን ክፈት!" ይሉኛል። ምን ላድርግ? መልሼ ቡፌው ላይ፣ የፎቶው ፍሬም ጀርባ ደብቄ መስታወቱን ዘጋሁ።

ሦስት ናቸው። ፊት የገቡት ኦቦ ለማ ናቸው፤ የጃለታ አያት ታላቅ ወንድም። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፣ ቀጥ ብለው ነው የሚሄዱት። ከሁሩታ እስከ ዲክሲስ ድረስ የድንበር ጠብ ሲነሳ፣ ባልና ሚስት ሲጋጩ፣ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ሁለተኛው የጃለታ እናት የንስሐ አባት መምሬ ጥላሁን ናቸው። ሦስተኛው ሐጂ ቃሲም፣ የእህል ነጋዴና የጃለታ ቤተሰብ ጎረቤት። አርሲ ውስጥ ሽምግልና እንዲህ ነው፤ ጎረቤት ከሆነ ሐጂውም ለክርስቲያን ልጅ ሚስት ይለምናል።

እንደ ደንቡ ትንሽ ቆሙ፣ እንደ ደንቡ ተቀመጡ ተባሉ። ሙሉነሽ ድፎ ዳቦ ቆርሳ፣ ሻይ ቀድታ፣ ከረሜላ በሳህን አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ደርድራለች። እነሱ ግን መልስ ሳያገኙ እህል ውኃ አይቀምሱም። እሱም ደንብ ነው። ሻዩ ቁጭ ብሎ ቀዘቀዘ። ኦቦ ለማ ንግግር ጀመሩ። ወይ ንግግር! ከዘንድሮ ዝናብ ተነሱ፣ በስንዴው አለፉ፣ የጃለታን ሰባት ቤት ቆጠሩ፣ የእኔንም የደሴ ዘመዶች ሳልነግራቸው አጣርተው መጥተው ኖሮ እነሱንም ቆጠሩልኝ። መሃል ላይ ሳል ያዛቸው። ይስላሉ፣ ይቀጥላሉ። እኔም የሙሉነሽን ወንድም ከጓሮ ልጠራ ለጥቂት ደቂቃ ወጣሁ። ስመለስ ሐጂ ቃሲም ቡፌው አጠገብ ቆመው በመስታወቱ ወደ ውስጥ እያዩ ነው። መምሬ ጥላሁን ካባቸውን ያስተካክላሉ። ኦቦ ለማ ደግሞ መሐረባቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረዋል። ሳሉ ነው አልኩ።

ከዚያ በኋላ ኦቦ ለማ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ቀሪውን የጨረሱት መምሬ ናቸው። እኔም ቤተሰብ ላማክር፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ እሑድ ተመለሱ አልኩ። እጅ ነስተው ወጡ።

እነሱ እንደወጡ ወደ ቡፌው ሄድኩ። ውሻ፣ ጥንቸል፣ ድብ፣ እንቁራሪት። አራት። ሮዟ ድመት የለችም። ፍሬሙን አነሳሁ፣ የለችም። ቡፌውን ከግድግዳው ሳብኩት፣ የለችም። ምንጣፉን ገለበጥኩ። ሶፋውን በጀርባው አስተኛሁት። ቤዛ መጥታ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። ልጁን ሊሰጥ ያለ አባት እንዲህ ሆድ ይብሰዋል ብላ ሳታዝንልኝ አልቀረችም።

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ታስባላችሁ? እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ። አምስት ነበሩ፣ አራት ሆኑ። ቤቱ ውስጥ ሦስት እንግዶች ነበሩ። ሐጂ ቃሲምን መስታወቱ አጠገብ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ፤ የልጅ ልጆች ደግሞ ሞልተዋቸዋል። መምሬ ጥላሁን ካባቸው ሰፊ ነው፤ ምናልባት ጣዖት መስሏቸው ለእኔው ነፍስ አስበው ያነሷት ይሆናል። ኦቦ ለማን ግን ከአንድ ደቂቃ ጥርጣሬ በኋላ ነጻ አወጣኋቸው። ለሰው ሁሉ የሚፈርድ ሰው እንዴት ይጠረጠራል? እንግዲህ ሒሳቤን ተመልከቱልኝ።

ለሙሉነሽ ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝና፣ "ይሄን ነገር ከዚህ ቤት ውጪ ብትተነፍስ እኔና አንተ አንተዋወቅም" አለችኝ።

ሰኞ ዕለት ትምህርት ቤት፣ መምህራን ክፍል፣ ሻይ እየጠጣን ለግርማ ተነፈስኩ። ግርማ የስፖርት አስተማሪ ነው፤ ሃያ ዓመት አብረን ኖረናል። "ለማንም እንዳትናገር" አልኩት። "እኔ? ምን ነካህ!" አለኝ፣ ተቀይሞ። ሚስቱ የሁሩታ ልጅ መሆኗ ትዝ ያለኝ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

የቀጠሮው እሑድ ደረሰ። ሙሉነሽ ዶሮ ሠርታለች። ለሐጂ ቃሲም ለብቻ ጨጨብሳ ከእርጎ ጋር ተዘጋጅቷል፤ እሱን ጎረቤታችን ወይዘሮ ፋጡማ ናቸው የሠሩት። ቤዛ አዲስ ቀሚስ ለብሳ መኝታ ቤት ተቀምጣለች። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አራት ሆነ። አምስት ሰዓት ላይ የሙሉነሽ ወንድም በሩ ላይ ወጥቶ መንገዱን አየ። ስድስት ሰዓት ላይ ጃለታ ለቤዛ ደወለ፤ ኦቦ ለማን ትንሽ አሟቸዋል፣ ሌላ ቀን እንነግራችኋለን አለ። ሌላ ቀን ማለት መቼ ነው? አላወቀም። ዶሮውን እኛው በላነው። ማንም ጣፈጠ አላለም።

ማክሰኞ ቤዛ ከሥራ ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ እኔ ፊት ቆመች።

"አባዬ፣ ሽማግሌዎቹን ሌባ ብለሃል?"

"ሌባ አላልኩም።"

"ምንድን ነው ያልከው?"

"ድመቷ ጠፋች ነው ያልኩት።"

"ለማን?"

"ለግርማ።"

ሙሉነሽ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። "ለግርማ! ለሬዲዮ ብትነግረው ይሻል ነበር፤ ሬዲዮ እንኳ መብራት ሲጠፋ ዝም ይላል" አለች።

ወሬው ሁሩታ ደርሷል። ጃለታ ነው የነገራት። ኦቦ ለማ ቤታቸውን ዘግተው ተቀምጠዋል፣ ሰው ሲጠይቃቸው እጃቸውን ያወናጭፋሉ እንጂ መልስ አይሰጡም። ሐጂና መምሬም እሳቸው ካልተነሱ አንነሳም ብለዋል። ቤዛ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። አላለቀሰችም። ወደ መኝታ ቤት ገባችና ካርቶኑን ይዛ መጥታ እግሬ ሥር አስቀመጠችው።

"ሠላሳ ሰባቱ አሉልህ" አለችኝ። "እኔም እዚሁ አለሁልህ። እንግዲህ ቁጠረን።"

ይቺን ቃል ከልጃችሁ አፍ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አያሰማችሁ። በማግሥቱ ክፍል ውስጥ ሰሌዳው ላይ አንድ ቀላል ማባዛት ተሳስቼ ተማሪ አረመኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ተነስቼ ሁሩታ ሄድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ የስንዴ ነጋዴዎች ስለ ኮምባይነር ኪራይ ይጨቃጨቃሉ። እኔ ምን ብዬ እንደምጀምር እለማመዳለሁ። ኢተያ ላይ ወርጄ ሌላ መኪና ስይዝ የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋብኝ።

የኦቦ ለማን ቤት የማያሳይ ሰው የለም። ግቢያቸው ውስጥ፣ ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ድረስ ተከናንበዋል። ውሻቸው እግራቸው ሥር ተኝቷል። ሲያዩኝ ደነገጡ። እኔ ደግሞ እሳቸው ሲደነግጡ አይቼ የባሰ ደነገጥኩ።

"ኮቱ፣ ግባ" አሉኝ በጋቢው ውስጥ። ልጃቸው የገብስ ጭኮ በቅቤ አቅርባ ሄደች። እኔ አልነካሁትም፤ እሳቸውም አልነኩትም። 

"ኦቦ ለማ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት" አልኩ።

"አንተ ይቅርታ? የምን ይቅርታ? ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

"ኧረ እኔ ነኝ። የማይጠረጠር ሰው ጠርጥሬ…"

"ጠርጥረህ አይደለም፤ ዱጋ እንነጋገር፣ እውነቱን። አይተኸኛል። ሳነሳት አይተኸኛል።"

ወደ እሳቸው ጠጋ አልኩ። "ሲያነሷት?"

"አንዲት ብቻ ናት። እንዳልነካ አውቃለሁ፣ ደንቡን አውቃለሁ። ሰው ሁሉ እኔን አይቶ ነው ደንብ የሚማረው። ግን ጉሮሮዬን ያዘኝ።"

ጉሮሮ? ድመትና ጉሮሮን ምን አገናኛቸው? እሳቸው ግን ቀጠሉ። አንድ ነገር ልብ አልኩ፤ "ስ" ያለበት ቃል ሲመጣ ከአፋቸው ፉጨት ይወጣል። ፉጨቱ በወጣ ቁጥር ውሻው የተጠራ መስሎት ቀና ይላል፣ ያያቸዋል፣ ተመልሶ ይተኛል።

"እናንተ ግን ልጃችንን አንሰጥም ማለት ፈልጋችሁ ከሆነ፣ በአፍ መናገር ነበር እንጂ ለሽማግሌ ድንጋይ ከረሜላ አስመስሎ ማብላት የት አገር ነው ያለው? አስተማሪ ነህ፣ ደሴ ይደረጋል እንዴ?"

"የምን ድንጋይ?"

ጋቢያቸውን ከአፋቸው ላይ አወረዱ። የፊት ጥርሳቸው የለም። በቦታው ባዶ ደጅ ቀርቷል። ከኪሳቸው መሐረብ አውጥተው ጭናቸው ላይ ቀስ ብለው ፈቱት። አንድ ጥርስ አለ። አጠገቡ ሮዟ ድመት ተኝታለች።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር በአንዴ ታወሰኝ። በሩ ሲንኳኳ መሃል ሳሎን ቆሜ፣ እጄ ስለሞላብኝ፣ አምስቱን ጠረጴዛው ላይ ቀድሞ የተቀመጠው የከረሜላ ሳህን ውስጥ ጣል አድርጌያቸው ነበር። ከዚያ ቤዛ "በሩን" ስትለኝ በጭብጥ ዘግኜ አወጣኋቸውና ፍሬሙ ጀርባ ደበቅኋቸው። አልቆጠርኳቸውም። የሒሳብ አስተማሪው አልቆጠረም! ድመቷ ሮዝ ናት፣ ከረሜላውም ሮዝ ነው። ሳል የያዛቸው ሰው፣ ዓይናቸው የደከመ ሰው፣ ማንም ሳያያቸው አንዲት ከረሜላ ብለው አንስተው ጎረሷት። ነከሷት። ጥርሳቸው ሄደ።

እንግዲህ አስቡት። እኔ ድመቴን ሰርቀውኛል ብዬ እብሰለሰላለሁ። እሳቸው ድንጋይ አብልተው እምቢ አሉን ብለው ያዝናሉ። እንዳይጠይቁ፣ መልስ ሳያገኙ የሰው ቤት ነገር ወደ አፋቸው ማስገባታቸውን ማመን ሊኖርባቸው ነው። ለሐጂም ለመምሬም አልነገሩም። ሦስት ሳምንት ያህል አፋቸውን ሸፍነው ተቀመጡ፤ አገር ሁሉ ከአፋቸው ሊሰማ የሚመጣላቸው ሰው።

"ኦቦ ለማ" አልኩ፣ "ድንጋይ አይደለችም። ድመት ናት።"

መነጽር ከውስጥ አስመጡ። ደጋግመው አዩዋት። "አዱሬ!" አሉ በራሳቸው ቋንቋ። "ዱጋ ነው፣ ድመት ናት። ጆሮም አላት። የማን ናት?"

"የእኔ ናት።"

"የልጅህ?"

"የእኔ።"

ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ይሄንን ነገር ለአንድ ሽማግሌ ማስረዳት ነበረብኝ። ኬንጂን ነገርኳቸው፣ ማሽኑን ነገርኳቸው፣ ያዘነውን ዳቦ ሳይቀር ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ፤ የድንበር ክስ እንደሚሰሙ። ስጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

"ለምን?"

ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ ሁሉም ያሾፍብኛል እንጂ። አሰብኩና፣ "ሳያቸው ደስ ይለኛል" አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

"ሌላ ምንም አያደርጉም?"

"ምንም።"

ኦቦ ለማ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኔም ላሞቼን ሳያቸው ደስ ይለኛል። ላም ግን ትታለባለች" አሉ። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ። ሲስቁ ያ ባዶ ደጅ ሙሉ በሙሉ ታየ፣ ፉጨቱም ወጣ፣ ውሻውም ተነስቶ መጣ። እኔም ሳቅኩ። ስስቅ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት ቤዛን እያሰብኩ ይሆናል።

ሳቁ ሲያልቅ ኮስተር አሉ። በትራቸውን አነሱ። ፍርድ ሊሰጡ ነው።

"አንተ ሰው ጠርጥረሃል። እኔ ደንብ አፍርሻለሁ። ሁለታችንም ፊት ለፊት ሳንነጋገር ልጆቹን ጎድተናል። ስለዚህ በሚመጣው እሑድ እመጣለሁ፣ አንተም ልጅህን ትሰጣለህ። እንስማማለን?"

"እንስማማለን!"

"ጥርሴ ግን ካሳ አለው። ድመቷ እኔ ዘንድ ትቀራለች።"

እውነቱን ልንገራችሁ? ቤዛ እንዳትሰማ። ሁለት ሰከንድ ያህል አሰብኩ። ልጄን ወይስ ድመቴን ብዬ አይደለም፤ ማለቴ፣ ውሻውን ብሰጣቸውስ ብዬ ነው። ዓይኔን አይተው ነገሩ ገባቸው መሰለኝ መሐረቡን አጠፉት። "እሺ" አልኩ። ጭኮውን በላን።

እሑድ መጡ። ኦቦ ለማ ጋቢያቸውን ከአፋቸው ላይ አንስተው፣ እያፏጩ፣ እንደገና ከዘንድሮ ዝናብ ጀምረው ተናገሩ። መምሬ ጥላሁን ሳቃቸውን ለመያዝ መስቀላቸውን ይስሙ ነበር። ሐጂ ቃሲም ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። እኔ ልጄን ሰጠሁ። ሙሉነሽ ያን ቀን ጠረጴዛው ላይ ያቀረበችው ሙዝ ብቻ ነው። ሙዝና ለስላሳ። ቤቱ ውስጥ ከሙዝ የጠነከረ ነገር እንዳይገኝ አድርጋ ነበር። ቤዛና ጃለታ ተጋቡ፤ አሁን ሁሩታ ይኖራሉ፣ ደህና ናቸው።

ከሠርጉ በኋላ ነገሩ አላረፈልኝም። አራት ሆነው የቀሩት እንስሳት ቡፌው ላይ ሲታዩ የሆነ ነገር ይጎድላቸዋል። አንድ ጊዜ ቤዛን ልጠይቅ ስሄድ ውሻውን በኪሴ ይዤ ኦቦ ለማ ዘንድ ጎራ አልኩ። ድመቷ መደርደሪያ ላይ፣ ከሬዲዮኑ አጠገብ፣ ትንሽ ጨርቅ ተነጥፎላት ተኝታለች። የተጣሉ ሰዎች ሲመጡ አውርደው መሃል ላይ ያስቀምጧታል አሉ፤ ታሪኳን ይነግሯቸዋል፣ ይስቃሉ፣ ይታረቃሉ። እንለዋወጥ አልኳቸው። ውሻውን ተቀበሉኝ። ወደ ብርሃን አቅርበው አዩት። "ጋሪ ነው፣ ጥሩ ነው። እሷም ብቻዋን ነበረች" አሉና ከድመቷ ጎን አስተኙት። አልተለዋወጥንም። ሁለቱም እዚያ ቀሩ።

ሙሉነሽ ይሄን ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች። "ከዚህ ሁሉ ምን ተማርክ?" አለችኝ። ያለ ማስረጃ ሰው አይጠረጠርም አልኳት፤ መስማት የፈለገችው ያንን ስለነበር። እኔ የተማርኩት ግን ሌላ ነው። ሌባ ቢሰርቅህ ትከሰዋለህ። ዕቃህን በፍርድ የወሰደብህን ዳኛ የት ትከሰዋለህ? ያውም ዘመድህ ሆኖ፣ ያውም ጭኮ እያበላህ?

አሁን በየበዓሉ ሁሩታ እንሄዳለን። በየበዓሉ እጠይቃቸዋለሁ፤ ኦቦ ለማ፣ እንስሳቶቼን መቼ ነው የሚመልሱልኝ እላለሁ። "ጥርሴ ሲበቅል" ይሉኛል። የሰማንያ ዓመት ሰው ጥርስ እንደማይበቅል አውቃለሁ። ቢሆንም ሰላም ልላቸው ጎንበስ ብዬ ቀና ስል መጀመሪያ የማየው ድዳቸውን ነው።